የአያቴን ምንሽር በቤቴ ማደስ እችላለሁን? የአንድ ጥያቄና የመልሶቹ ሂደት

ይህን የውይይት ክር፣ ማለትም ጥያቄና መልስ በተራ የሚጻፍበትን መድረክ፣ የከፈተው ከጦሳ ተራራ ሥር፣ ከደሴ ዙሪያ የሚጽፍ ወጣት ነው። ከአያቱ የወረሰው፣ ፈቃዱም በስሙ የዞረለት ቤልጅግ ምንሽር የተባለ የቆየ ጠመንጃ እንዳለው ይናገራል። ከዓመታት በፊት አንድ የቤት ዕቃ ሠሪ ሰደፉን በወፍራም ቀይ ቫርኒሽ ለብጦት ነበር። አሁን ቫርኒሹ ተሰነጣጥቆ በየቦታው ይላጣል፤ ከሥሩ የሚታየው እንጨትም በዘይትና በእጅ ወዝ ጠቁሯል። የሰደፉ አንገት ከመዝጊያው (ጥይቱን ከኋላ ከሚዘጋው ተንቀሳቃሽ ብረት) ጀርባ ጀምሮ ወደ ታች ተሰንጥቋል፤ አያቱ በሕይወት ሳሉ ስንጥቁን በጥሬ ቆዳ ሰፍተው አጥብቀውታል። አፈሙዙ ቡናማ ሆኖ እዚህም እዚያም ቀይ ዝገት ጀምሮታል። ወጣቱ የአደን ፈቃድ ለማውጣት ስላሰበ ቫርኒሹን መላጥ፣ ቆዳውን ማንሳት፣ ብረቱን እንደ አዲስ ማጥቆር፣ አፈሙዙን ማሳጠርና የማነጣጠሪያ መነጽር መግጠም ይፈልጋል። ከእነዚህ ውስጥ በቤት ውስጥ ሊሠራ የሚችለው የትኛው እንደሆነ ሰላምታ አስቀድሞ በትሕትና ይጠይቃል።

በወሎ እንዲህ ያለ ጠመንጃ ያለበት ቤት ብዙ ነው፤ ሲታደስም የሚበላሸው ይበዛል። ስለዚህ መልሶቹን በተራቸው እተርካለሁ፤ የራሴንም ሐሳብ በየመሐሉ አስገባለሁ።

1ኛው መልስ ወጣቱን እንኳን ደህና መጣህ ብሎ ከተቀበለ በኋላ ስለ እንጨቱም ሆነ ስለ ብረቱ ከመናገሩ በፊት ጥንቃቄውን ያስቀድማል። መዝጊያው ተስቦ ይውጣ፣ ጥይት መጉረሻውና የጥይት መጋዘኑ በዓይንም በጣትም ይፈተሽ፣ ጥይት በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ፈጽሞ አይገኝ ይላል። አያይዞም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ እንደሚያስጠይቅ፣ የመሣሪያውን ቅርጽ የሚለውጥ ሥራም ፈቃድ የሰጠውን አካል ሳይጠይቁ የሚጀመር እንዳልሆነ ያስታውሳል። 2ኛው መልስ ባጭሩ ወጣቱን ወደ ኮምቦልቻ ይልከዋል፦ አንድ የቤት ዕቃ ሠሪ ዘንድ ወስዶ አሮጌውን ቫርኒሽ በማሽን አስልጦ እንደገና ያስቀባው ይላል።

3ኛው መልስ የሚቃወመው ይህንን ምክር ነው። የጻፉት ከወረኢሉ የሆኑ አናጢ ናቸው፤ በክሩ ውስጥ ከሁሉ የሚረዝመውና እንደ እኔ ግምት ከሁሉ የሚጠቅመው መልስም የእርሳቸው ነው። የጠመንጃ ሰደፍ እንደ ቁም ሣጥን በማሽን የሚላጥ እንዳልሆነ በጥሞና ያስረዳሉ። ፋብሪካው ሰደፉን ሲሠራ እንጨቱ ብረቱን በሚነካበት ጠርዝ ሁሉ ከብረቱ በጥቂቱ ከፍ ብሎ እንዲቀር ያደርጋል። በብርጭቆ ወረቀት የተፈገፈገ ሰደፍ ግን ከብረቱ በታች ይወርዳል፤ ጠርዞቹ ይድቦለቦላሉ፤ በጎኑ የተመቱት የፋብሪካ ማኅተሞች ይጠፋሉ፤ የወረደው እንጨትም አይመለስም። ስለዚህ ቫርኒሹ በማላቀቂያ ፈሳሽ ይለስልስ፣ በእንጨት ስፓቱላና በማቅ ጨርቅ ይነሣ፣ የብርጭቆ ወረቀት ቢያስፈልግ እንኳ በመጨረሻ ላይ፣ ደቃቁ ብቻ፣ ጠርዝና ማኅተም ሳይነካ ይሁን ይላሉ። ስለ ጎድጓዳ ምቶችም የሰጡት ምክር ግልጽ ነው። የጎደጎደው ቦታ ላይ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ አድርጎ በጋለ ካውያ ጫፍ ለአፍታ መንካት፣ እንፋሎቱ የተጨመቀውን የእንጨት ጭረት (ቃጫውን) አሳብጦ እስኪመልሰው ድረስ ጨርቁን እያረጠቡ መደጋገም ነው። ጭረቱ የተቆረጠ ከሆነ ግን እንፋሎት አይመልሰውም፤ እርሱ ጠባሳ ሆኖ ይቅር ብለው ያልፋሉ።

4ኛው ጸሐፊ የማላቀቂያ ፈሳሽ ውድ ስለሆነ ሳሙና ለመሥራት የሚገዛውን ኮስቲክ ሶዳ በውኃ በጥብጦ ቢጠቀምስ ብሎ ይጠይቃል። አናጢው በ5ኛው መልስ ኮስቲክ ሶዳ ቫርኒሹን እንደሚያነሣ ያምናሉ፤ ነገር ግን የዋልነትን እንጨት እንደሚያጠቁርና ጭረቱን እንደሚያላላ፣ ውኃውም በስንጥቁ ገብቶ ሰደፉን እንደሚያጣምመው ይመልሳሉ።

በ6ኛው መልስ ከሐይቅ የሚጽፉ አዛውንት ይገባሉ፤ በክሩ ያሉት ሁሉ አያ እያሉ ነው የሚጠሯቸው። የእርሳቸው ነገር ስለ ቆዳው ብቻ ነው። ጥሬ ቆዳ እርጥብ ሆኖ ተሰፍቶ ሲደርቅ ስለሚሰበሰብ እንጨቱን ከማንኛውም ሽቦ አጥብቆ እንደሚይዝ፣ ያን ስፌት የሰፉት እጆችም ዳግመኛ እንደማይገኙ፣ ልጁ ቆዳውን ቢያነሣ ከአያቱ ሥራ በጠመንጃው ላይ የቀረውን ብቸኛ ነገር እንደሚያነሣ በሐዘኔታ ይጽፋሉ። ሦስት ሰዎች ወዲያው ከጎናቸው ይቆማሉ፤ እነዚህ ከ7ኛው እስከ 9ኛው ያሉት ናቸው፤ ከአድናቆት በቀር የጨመሩት የለም።

አናጢው በ10ኛው መልስ አንቱታቸውን ሳያጓድሉ ይቃወማሉ። ምንሽር ሲተኮስ ወደ ኋላ ይራገጣል። ርግጫውን ከብረቱ ተቀብሎ ለእንጨቱ የሚያስተላልፈው ከጥይት መጉረሻው ሥር ያለው ጉብታ ነው፤ ጉብታው በእንጨቱ ላይ በእኩል ካላረፈ ኃይሉ ወደ መዝጊያው ጀርባ ይዞርና አንገቱን ይሰነጥቃል። ስለዚህ ስንጥቁ በጥብቀት ማነስ የመጣ ሳይሆን ከውስጥ የተጀመረ ጉዳት ነው። ቆዳው ስንጥቁን ይሸፍናል እንጂ አይዘጋውም፤ ከሥሩ የታመቀው ዘይትና ላብም እንጨቱን ያበሰብሰዋል። መፍትሔያቸው ስፌቱን በጥንቃቄ ፈትቶ ቆዳውን ማስቀመጥ፣ ስንጥቁን በአሴቶን ደጋግሞ አጥቦ ዘይቱን ማውጣት፣ ሁለቱ ቱቦዎች ተቀላቅለው የሚሠሩበትን ኢፖክሲ ማጣበቂያ ወደ ውስጥ ማስገባትና በሞርሳ ሳይሆን በጎማ ጠቅልሎ ማሰር ነው። ዘይት የጠጣ እንጨት ማንኛውንም ማጣበቂያ እንደማይቀበል አበክረው ይናገራሉ። በዚህ ጉዳይ ከአናጢው ጋር ነኝ። ቆዳው ከጥገናው በኋላ እርጥብ ተደርጎ በቀድሞ ቀዳዳዎቹ ተመልሶ ሊሰፋ ይችላል፤ ስንጥቁ እንደተሸፈነ የሚተኮስ ጠመንጃ ግን አንድ ቀን አንገቱ ላይ ይሰበራል። አዛውንቱም በ11ኛው መልስ ቆዳው ተመልሶ የሚሰፋ ከሆነ ቅር እንደማይላቸው ገልጸው ተስማምተዋል።

ከዚህ በኋላ ክሩ ወደ ዘይት ያመራል። በ12ኛው መልስ አንድ ሰው ቫርኒሹ ከተነሣ ኑግ ዘይት እንዲቀባ ይመክራል። ከደላንታ የምትጽፍ፣ ቤተሰቧ ተልባ የሚያስጨምቅ እኅት በ13ኛው መልስ ታርመዋለች። ተልባ ዘይት አየር ሲነካው ቀስ በቀስ ይጠነክራል፤ የአውሮፓ ፋብሪካዎችም ለሰደፍ የሚጠቀሙት እርሱን ነበር። ኑግ ግን ግማሽ ደራቂ ስለሆነ ለረጅም ጊዜ ይጣበቃል፤ አቧራም ይሰበስባል። ጥሬው ተልባ ዘይት ለመድረቅ ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል፤ በቀለም መደብር የሚሸጠው ማድረቂያ የተጨመረበት ግን ባንድ ቀን ገደማ ይደርቃል። የሚቀባውም እጅግ ቀጭን ሆኖ ነው፤ በመዳፍ ታሽቶ፣ ጥቂት ቆይቶ ትርፉ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ከደረቀ በኋላ ሌላ ይደገማል። አንዴ አወፍሮ የቀባ ሰው የሚያገኘው የሚያጣብቅ ልባስ ነው። ሲያልቅ በጥቂት ሰም ቢወለወል እንደሚያምርም ትጨምራለች። መልሷ የሠራ ሰው መልስ ነው፤ ዘይቱ ከጣት ጫፍ ሳይሆን ከመዳፍ ሙቀት ጋር መታሸት እንዳለበት የጻፈችው ነጥብ በተለይ በደሴ ብርድ ለሚሠራ ሰው ጥቅሙ ትልቅ ነው።

14ኛው መልስ የአናጢው ነው፤ ሁሉም ቸል የሚለውን ነገር ያነሣሉ። ሰው የሚታየውን የሰደፍ ገጽ ደጋግሞ ይቀባል፤ ውስጡን ግን ደረቁን ይተወዋል። እንጨት እርጥበትን አብዝቶ የሚጠጣው ጭረቱ በተቆረጠበት ጫፍ ነው፤ ይኸውም ከሰደፉ የኋላ ብረት ሥር፣ ከመጋዘኑ ዙሪያና አፈሙዙ ከሚያርፍበት ቦይ ውስጥ ነው። በክረምት የደሴን ጉም የጠጣ ሰደፍ በበጋ ወደ ባቲ ቆላ ቢወርድ ይሰበሰባል፤ ተጣሞም አፈሙዙን ወደ ጎን ይገፋል፤ ባለቤቱም ጥይቱ ለምን እንደሳተ አያውቅም። ስለዚህ ከኋላ ያለው ብረት ይፈታ፣ ጫፉ ዘይት እስኪጠግብ ድረስ ይቀባ፤ ቦዩ ግን ዘይቱን ብቻ ይጠጣ እንጂ በብርጭቆ ወረቀት አይስፋ።

በ15ኛው መልስ የሚጽፈው የኮምቦልቻ የእንጨት ሠራተኛ ከዘይቱ ጋር የሚመጣውን አደጋ ይናገራል። በሚሠራበት ቤት ሠራተኞቹ በተልባ ዘይት የራሱ ጨርቆችን ጨምቀው ጥግ ላይ ጥለው ወደ ምሳ ሄዱ፤ ሲመለሱ ክምሩ ከመሐሉ ይጨስ ነበር፤ ሲበትኑት ውስጡ ከስሎ ቀይ ፍም ይዟል። ማንም ክብሪት አልጫረም። ዘይቱ ሲደርቅ ከኦክስጅን ጋር ስለሚዋሐድ ሙቀት ያወጣል፤ በተከመረ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ጨርቁን ያቀጣጥለዋል። ጨርቁ አንድ በአንድ ተዘርግቶ ውጭ ይድረቅ፣ ወይም ውኃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ይነከር ይላል። ሣር ክዳን ወይም ጭድ ባለበት ግቢ ለሚሠራ ሰው ይህ መልስ ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ መነበብ አለበት።

16ኛው መልስ የተለየ ወግ ያመጣል፤ ጠመንጃው ሲታደስ በሚመጣው ሠርግ ላይ ይተኮስበት ይላል። ሁለት ሰዎች በደስታ ይቀበሉታል። አወያዩ በ19ኛው መልስ ወደ ሰማይ የተተኮሰ ጥይት ወደ ምድር እንደሚመለስና ሰው እንደሚገድል፣ በዚህ ክር ስለ ሠርግ ተኩስ ዳግመኛ እንዳይጻፍ ያሳስባሉ። ከዚያ ወዲያ የደፈረ የለም፤ ተገቢም ነበር።

ስለ ብረቱ የተጀመረው ንግግር የክሩን መንፈስ ይለውጠዋል። 20ኛው ጸሐፊ አፈሙዙን ሙቀት በሚችል ጥቁር የሚረጭ ቀለም ቀብቶ መገላገል እንደሚቻል ይናገራል፤ 21ኛው ደግሞ ዝገቱ በመኪና ባትሪ አሲድ ተነክሮ ባንድ ሌሊት እንደሚነሣ በእርግጠኝነት ያስተምራል። በወልድያ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው በ22ኛው መልስ በቁጣ ይነሣል። የባትሪ አሲድ ዝገቱን አንስቶ እንደማይቆም፣ ጤናማውን ብረትም እንደሚበላ፣ ጥይቱ የሚዞርበትን የአፈሙዝ ውስጥ ጥርስ እንደሚሸረሽር፣ ጠንካራ ሞላዎች አሲድ ከነካቸው በኋላ እንደ ሸንበቆ ሊሰበሩ እንደሚችሉ ይዘረዝራል። እንዲህ ያለ ምክር የሚሰጥ ሰው ምክሩ በሌላው ዓይንና እጅ ላይ መሆኑን ማሰብ ነበረበት ብሎም ይገሥጻል። አነጋገሩ ጠንከር ያለ ቢሆንም የተሳሳተው ምክር የሚያደርሰው ጉዳት ከአነጋገሩ ይከፋል።

መምህሩ በዚያው መልስ ትክክለኛውን መንገድ ያብራራል። ጥቁሩ የጠመንጃ ገጽ ቀለም አይደለም፤ ራሱ የብረት ኦክሳይድ ነው። ብረት በእርጥበት ሲዝግ ቀይ ኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ያ ቀይ ዝገት በንጹሕ ውኃ ሲፈላ ማግኔታይት ወደሚባለው ጥቁር ኦክሳይድ ይለወጣል። ከብረቱ ላይ የተንሳፈፈው ልስልስ ጥቁር ዱቄት በደቃቅ የሽቦ መፈግፈጊያ ይጠረጋል፤ የያዘው ይቀራል፤ ብረቱ ደግሞ እንዲዝግ ተደርጎ እንደገና ይፈላል፤ ይህም ጥቁሩ እስኪጠልቅ ድረስ ይደጋገማል። በስተመጨረሻ ብረቱ ገና ትኩስ ሳለ በዘይት ይጠግባል። ጠላቱ ቅባት ነው፤ በጣት የተነካ ቦታ ሁሉ የጣቱን አሻራ ይዞ ስለሚቀር ከታጠበ በኋላ በባዶ እጅ አይያዝም። ለመፍላትም የቧንቧ ውኃ ሳይሆን የዝናብ ውኃ እንዲሆን ይመክራል፤ ጨዋማ ውኃ ነጭ ጠባሳ ይተዋል።

23ኛው ጸሐፊ ፋብሪካዎች ግን እንዲህ እንደማይደክሙ፣ ኮስቲክ ሶዳና ናይትሬት በውኃ አፍልተው በደቂቃዎች እንደሚያጠቁሩ፣ በቤት ድስትም እንደሚቻል ይከራከራል። መምህሩ በ24ኛው መልስ ዘዴው እውነት መሆኑን ሳይክድ ይቃወመዋል፦ ያ ፈሳሽ የሚሠራው ወደ 140 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ነው፤ ውኃ ጠብ ቢልበት ፈንድቶ ይረጫል፤ ዓይን ያጠፋል። በየቤታችን ያለው ድስት ደግሞ አሉሚኒየም ነው፤ ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፤ ሲበላም የሚቀጣጠል ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል። 23ኛው ሰው በ25ኛው መልስ መምህሩን ከመጽሐፍ በቀር ጠመንጃ ያልያዘ ብሎ ሰደበው፤ ስድቡ በአወያዩ ተነሥቷል። በቃሉ ፋንታ ክርክር ቢያመጣ ኖሮ ክሩ በተጠቀመ ነበር።

እዚህ ላይ ከሐይቅ የሚጽፉት አያ ተመልሰው ይመጣሉ። በ26ኛው መልስ በወጣትነታቸው ከተኮሱ በኋላ የፈላ ውኃ በአፈሙዙ ውስጥ ያፈሱ እንደነበር ሲጠቅሱ፣ 27ኛው ጸሐፊ ውኃ ብረት እንደሚያዝግ ሕፃን የሚያውቀው ነው ብሎ ይዘልፋቸዋል። መምህሩ በ28ኛው መልስ ለአዛውንቱ ይቆማል። የጥንት ወታደራዊ ጥይት መለኮሻው ፖታሺየም ክሎሬት ነበረበት፤ ሲቃጠል ከገበታ ጨው ጋር ተቀራራቢ የሆነ ጨው በአፈሙዙ ውስጥ ይተዋል፤ ጨዉም የአየሩን እርጥበት እየሳበ ያዝጋል። ጨው በዘይት አይሟሟም፤ በውኃ ነው የሚሟሟው። ውኃው ከፈላ ደግሞ ብረቱን ስለሚያግለው ወዲያው ይደርቃል፤ ከዚያ በመወልወያ ዘንግና በዘይት ይጠረጋል። አያ ያደረጉት ሁሉ ልክ ነበር። ተሳዳቢው አልተመለሰም።

አፈሙዙን ስለ ማሳጠር የመጣው ምላሽ አጭርና አንድ ድምፅ ነው። በኮምቦልቻ ቶርኖ የሚያንቀሳቅስ ባለሙያ በ29ኛው መልስ በመጋዝ የተቆረጠ አፈሙዝ ጫፉ ዙሪያውን እኩል እንደማይሆን፣ ጥይቱ ሲወጣ ከኋላው የሚከተለው ጋዝ በጎደለው በኩል ቀድሞ አምልጦ ጥይቱን እንደሚያዘብጠው፣ ከጫፉ ጋርም የፊት ማነጣጠሪያው ተቆርጦ እንደሚቀር ያስረዳል። ለመነጽር የሚሆን ቀዳዳ ጥይት መጉረሻው ላይ መብሳትም የቤት ሥራ አይደለም፤ ብረቱ ገጹ የጠነከረ ስለሆነ ተራ ትራፓን ተንሸራትቶ ጠርዙን ያበላሻል፤ ለማለስለስ በእሳት የሚያግለው ደግሞ የተኩሱን ግፊት የሚችለውን ጥንካሬ ያጠፋል። 30ኛው ጸሐፊ እግረ መንገዱን ውጅግራ አለኝ፣ ዘመናዊ ጥይት ይስማማዋልን ብሎ ሲጠይቅ ቶርኖ ሠሪው የለም ይላል። ውጅግራ የሚባለው እ.ኤ.አ. የ1874ቱ የፈረንሳይ ግራ ጠመንጃ ለጥቁር ባሩድና ለ11 ሚሊሜትር ጥይት የተሠራ ነው፤ የዛሬውን ባሩድ ግፊት አይችልም።

ወጣቱ በ31ኛው መልስ ተመልሶ ያመሰግናል። ቫርኒሹን በፈሳሽና በማቅ ሲያነሣ በሰደፉ ጎን የፋብሪካው ክብ ማኅተም ከነጠርዙ ወጥቷል፤ ጥይት መጉረሻው ላይም በቅባት ተሸፍኖ የነበረው ዘውድ የደፋው የይሁዳ አንበሳ ተገልጧል። ይህም ኤፍ ኤን የተባለው፣ በቤልጅግ ኤርስታል ከተማ ያለው ፋብሪካ ከጣሊያን ወረራ በፊት ለኢትዮጵያ ካቀረባቸው ምንሽሮች አንዱ እንደሆነ አመልካች ነው። የሰደፉን የኋላ ብረትና ቀለበቶቹን በመምህሩ መንገድ ሊያጠቁር፣ አፈሙዙንና አንበሳውን ግን ሳይነካ ቀዩን ዝገት ብቻ በዘይትና በደቃቅ ሽቦ ሊያነሣ ወስኗል፤ ማሳጠሩንና መነጽሩን ትቶታል። ውሳኔው ልክ ይመስለኛል። ብረቱ የያዘው ቡናማ ገጽ ራሱ የጸና ኦክሳይድ ነው፤ በዘይት ከተጠበቀ ጠመንጃውን አይጎዳውም፤ አንበሳው ግን አንዴ በሽቦ ከተፈገፈገ የሚመልሰው ባለሙያ የለም። እንጨቱን በቤት መሥራት ይቻላል፤ ግፊት የሚሸከመውን ብረት ግን መጠበቅ እንጂ መለወጥ የቤት ሥራ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ይጠይቃል፦ መዝጊያው ላይ የተመታው ቁጥር ከጥይት መጉረሻው ቁጥር ጋር አይገጥምም፤ ይህ ችግር አለውን? 32ኛውና የመጨረሻው መልስ የቶርኖ ሠሪው ነው። ፋብሪካው እያንዳንዱን መዝጊያ ለአንድ ጠመንጃ አለካክቶ ቁጥሩን የሚመታበት ምክንያት ስላለው ቀላል ነገር አይደለም ይላል። የማይገጥም መዝጊያ በጥይቱ ቀለህ ጀርባ ትርፍ ክፍተት ከተወ ቀለሁ ሲተኮስ ተለጥጦ ይቀደዳል፤ ጋዙም ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ክፍተቱ የሚለካው ለዚሁ በተሠራ መለኪያ ነው፤ በግምት አይደለም። ስለዚህ ሰደፉ ደርቆ ብረቱ ከተገጠመ በኋላ፣ አንድም ጥይት ሳይጎርስ፣ ወጣቱ ጠመንጃውን ፈቃዱን ወደ ሰጠው ጽሕፈት ቤት ይዞ ቀርቦ መለኪያው ያለው የመሣሪያ ባለሙያ እንዲፈትሽለት እንዲጠይቅ፣ እስከዚያው መዝጊያውን ከጠመንጃው ለይቶ ቆልፎ እንዲያስቀምጥ ይመክረዋል።